የዘይት ጣሳ

ከጉልበት የማታልፍ ቀይ ጽጌረዳ አለችኝ። አስተማሪ ነኝና ከጊንጪ ጉደር፣ ከጉደር አምቦ በተዛወርኩ ቁጥር በዘይት ጣሳ ተተክላ አብራኝ ዞራለች። አከራይ «ቤቱን ለልጄ ፈልጌዋለሁ» ሲል ከዕቃዬ ሁሉ ቀድማ የምትወጣው እሷ ነበረች።

አምቦ ላይ የራሴን ቤት ሠርቼ ስገባ ደጃፌ ላይ ቆፍሬ ተከልኳት። ክረምቱ አልፎ የጎረቤት አበባ ሲፈነዳ፣ የእኔዋ አንዲት እንቡጥ ይዛ ቀረች። አፈሩን ረገምኩ፤ ዶሮዎቹን አባረርኩ፤ ጠዋት ማታ እየወጣሁ አፈጥባታለሁ።

እናቴ ልትጠይቀኝ መጥታ የጽጌረዳዋን ሥር በጣቷ ጫር ጫር ስታደርግ ቆርቆሮ ነካች።

«ያ ዋቃ! ከነጣሳው ነው እንዴ የቀበርሻት?»

«እና ምን ላድርግ እማዬ? ነገ ልቀቂ ብባል እንደገና ልቆፍር?» ብዬ ተቆጣሁ።

«በገዛ ቤትሽ ማነው ልቀቂ የሚልሽ፣ ልጄ?»

እሷም ጣሳውን በቢላ ሰንጥቃ አወጣችና ጽጌረዳዋን ከአፈሩ ጋር አገናኘቻት። ከዚያ እጇን ታጥባ ወደ ቤት ገባችና፣ ከጉደር እንደመጡ በካርቶን ታስረው የተቀመጡትን ሳህኖቼን እየፈታች መደርደሪያው ላይ ትደረድር ጀመር።