«የለም» ያልኩት ቃል

ቁጡ ነኝ። ሃያ ዓመት እንግሊዝኛ ሳስተምር ተማሪ ተሳስቶ ዝም ያልኩበት ቀን የለም፤ እኔ ተሳስቼ «ተሳሳትኩ» ያልኩበት ቀንም የለም። ለቃላት ውድድሩ ዳኛ ሲፈልጉ ወደ እኔ የመጡት ለዚሁ ነው። «እርስዎ ካሉ ማንም አያጭበረብርም» አሉኝ። ደስ አለኝ፣ ምን እደብቃለሁ።

ውድድሩ ቅዳሜ ዕለት እዚሁ ጎንደር፣ እኔ በማስተምርበት አዳሪ ትምህርት ቤት አዳራሽ ነበር። ከየወረዳው ስምንተኛ ክፍል የጨረሱ ልጆች ይወዳደራሉ፤ አንደኛ የወጣው እኛ ዘንድ በነፃ ይማራል። ያለው አንድ ወንበር ብቻ ነው። ጨዋታው ቀላል ነው። እኔ ከሳጥን ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደል አወጣለሁ፤ ልጆቹ ሁለቱም ያሉበትን ባለ አምስት ፊደል ቃል እየተፈራረቁ ሰሌዳ ላይ ይጽፋሉ። እስከ ሃያ ስቆጥር ያልጻፈ ወይም የሌለ ቃል የጻፈ ወደቀ። ስልክ ሁሉ በር ላይ ተሰብስቧል።

ለመጨረሻው ዙር ሁለት ቀሩ፤ አራት አራት ቃል ይጽፋሉ፣ እኩል ከሆኑ ወንበሩ ከሩቅ ለመጣው ነው። አንዱ አፉን በእንግሊዝኛ የፈታ የሚመስል የከተማ ልጅ ነው። ሁለተኛዋ ከሳንጃ ማዶ የመጣች የሰሊጥ ገበሬ ልጅ ናት። አባቷን ጠዋት በር ላይ አግኝቻቸው ነበር። «እትዬ፣ እኛ ቀበሌ ከስምንተኛ በላይ የለም። ይኸ ካለፋት ያው መዳሯ ነው፤ እኔ እንቢ ብልም ዘመዱ አላስቀምጥ ብሎኛል» አሉኝ። «አይዞዎት አያ» ብያቸው ገባሁ።

«ኤ» እና «ኤች» ወጡ። ልጁ «ቼር» ጻፈ፤ እሷ «ኧርዝ»። እሱ «ዋች»፤ እሷ «ቲች»። እሱ «ሃፒ»፤ እሷ «ሃርት»። አዳራሹ ውስጥ ከጠመኔው በቀር የሚሰማ የለም። ልጁ «ቢች»፣ የባሕር ዳርቻ ማለቱ ነው፣ ጽፎ ዞር አለ። የመጨረሻው ተራ የእሷ ሆነና መቁጠር ጀመርኩ። አሥር። አሥራ አምስት። እውነቱን ልናገር፣ እሷ እንድታሸንፍ ፈልጌ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ላይ ስደርስ አምስት ፊደል ጻፈች፤ ኤ፣ ፒ፣ ኤች፣ አይ፣ ዲ።

አላውቀውም! አይቼውም ሰምቼውም አላውቅም።

«ምንድን ነው ይኸ?» አልኳት።

«ኤፊድ። ክሽክሽ ማለት ነው መምህር፤ ሰሊጡን የሚመጥ ትንሽ ተባይ። የመድኃኒቱ ቆርቆሮ ላይ ተጽፏል። ለአባቴ እኔ ነኝ የማነብለት።»

አዳራሹ ሳቀ። ክሽክሽ በመባሉ ይሆናል የሳቁት፤ እኔ ግን በእኔ የሳቁ መሰለኝ። የገበሬ ልጅ በሰው ፊት እንግሊዝኛ ልታስተምረኝ! ደሜ ፈላ። «መጽሐፉ ይንገረን» አልኩና ከቤት ያመጣሁትን አሮጌ መዝገበ ቃላቴን አነሳሁ።

ገለጥኩት። የመጀመሪያዎቹ ገጾች ከነሽፋኑ ከወለቁ ከርመዋል። የ«ኤ» ክፍል ጨርሶ የለውም፤ በ«ቢ» ነው የሚጀምረው። ረስቼው ነበር። «ገጹ የለም፣ ሌላ አምጡልኝ» ማለት ምን ይከብዳል? ግን ያ ሁሉ ሰው ያየኛል። ገጽ አገላበጥኩ፤ ጣቴን ቁልቁል እየነዳሁ የምፈልግ መሰልኩ። ከዚያ ቀና አልኩና «የለም» አልኩ።

ልጅቷ አየችኝ። ጠመኔውን ቦታው አስቀምጣ ወረደች። አባቷ ከኋላ ተነስተው ጋቢያቸውን አስተካከሉና እጅ ነሡኝ። እጅ ነሡኝ እኮ!

ከጎንደር ወጣ ብሎ ፀዳ ከተማ ያለው ቤቴ ስደርስ ግብርና ቢሮ የሚሠራው ጎረቤቴ አጥሩ ጋ ቆሟል። ሰላም እንኳ ሳልለው ፊደሎቹን አንድ በአንድ ቆጠርኩለትና ምን እንደሆነ ጠየቅኩት።

«ክሽክሽ ነዋ! ምነው፣ ጎመንሽን ጨረሰብሽ እንዴ?» ብሎ ሳቀ።

እዚያው አጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

እሑድን እንዴት እንዳሳለፍኩት እኔ ነኝ የማውቀው። ማንም አልጠረጠረኝም፤ ዝም ካልኩ ነገሩ እዚያው ያበቃል። ሰኞ የአሸናፊው ስም ይፈረማል። ያቺ ልጅ ደግሞ ልትዳር ነው።

ሰኞ ጠዋት የውድድሩ አስተባባሪ ቢሮ ስገባ ላብ አጥምቆኛል። «ተሳስቼ አይደለም፣ ዋሽቼ ነው» አልኩት። ሁሉንም ነገርኩት። እስክሪብቶውን አስቀመጠና ባዶ ወረቀት ወደ እኔ ገፋ አደረገ።

«በጽሑፍ ይፈርማሉ?»

ፈረምኩ።

«ለከተማው ልጅ ወላጆችም የሚነግሩት እርስዎ ነዎት። ልጅቷ እስከ ረቡዕ ካልመጣች ግን ወንበሩ የእሱ ነው» አለኝ።

ወዲያው ለአባቷ ደወልኩ። ኔትወርኩ ይመጣል፣ ይሄዳል። በአራተኛው ልጅቷ አነሳች። ድምፄ እየተቆራረጠ «ቃሉ አለ፤ ልክ ነበርሽ። መጽሐፉ ያ ገጽ የለውም። እኔ ደግሞ እያወቅኩ ነው የለም ያልኩት» አልኳት።

«አይቻለሁ» አለች። «አጠገብዎ ቆሜ አልነበር? መጽሐፉ ከ‹ቢ› ነው የሚጀምር።»

«ምነው ታዲያ ያኔውኑ ያልተናገርሽ?»

«መምህር ሲዋሽ አይቼ አላውቅም። ምን እንደሚባል ጨነቀኝ።»

እንባዬ መጣ። እንዳትሰማኝ ስልኩን ራቅ አደረግኩ። ትንሽ ቆይቼ ወንበሩ የእሷ መሆኑን፣ እስከ ረቡዕ መድረስ እንዳለባት ነገርኳት። እልል ትላለች ብዬ ስጠብቅ ጠየቀችኝ።

«እዚያ እንግሊዝኛ የሚያስተምሩት እርስዎ ነዎት?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

«ሌላ መምህር የለም?»

«አለ፤ ሌላኛውን ሴክሽን የሚያስተምር።»

«እዚያ የሚያስገቡኝ ከሆነ እመጣለሁ» አለችኝ።