በሀሊሞ መሐላ ማልኩ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ንስሐ አባቴ ፊት ተንበርክኬ ትናንሹን ኃጢአት ሁሉ ስዘረዝር ይሄን እዘለዋለሁ። እናንተ አታውቁኝም፤ ለዚያ ነው ለእናንተ የምናገረው።

ከኢትዮጵያውያን ወላጆች ጅቡቲ ተወልጄ ነው ያደግኩት። ሁለተኛ ደረጃ እንደጨረስኩ አንድ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል በረዳትነት ገባሁ። አማርኛ የማውቀው እኔ ብቻ ስለነበርኩ ኢትዮጵያውያን ሹፌሮች ሲመጡ የማስተረጉመውም እኔው ነኝ።

አንድ ረፋድ ላይ ከዶራሌ ወደብ አንድ ሹፌር አመጡ። የኮንቴይነር በር እጁን ቀጥቅጦታል። ነርሷ ማደንዘዣውን እያዘጋጀች በሽታ እንዳለበት ጠይቂው አለችኝ። ጠየቅኩት።

«እህቴ፣ ቫይረሱ አለብኝ» አለኝ ዝቅ ብሎ። «መድኃኒቱንም ካቋረጥኩ ቆየሁ። የአገር ልጅ ነሽ፣ እንዳትነግሪብኝ።»

ዞር ብዬ በፈረንሳይኛ፣ ምንም የለብኝም ይላል አልኩ። አዝኜለት ነው? ወይስ ምስጢር የሚነገራት ሰው መሆን ደስ ብሎኝ?

እጁ ተሰፍቶ ሄደ። መርፌው ትሪው ላይ ቀረ። ቢጫው የመርፌ ሳጥን እስከ አፉ ሞልቷል፤ መቀየር የኔ ሥራ ነው። አልቀየርኩም። መርፌውን ገፋ አድርጌ ሰካሁት፤ ጫፉ ወደ ውጭ ቀረ። እኔ ነኝ የሰካሁት።

ሀሊሞ የጽዳት ሠራተኛችን ነበረች፤ ካርቲዬ ሁለት የሚባለው ሰፈር ልጅ፣ ሠርጓ የተቃረበ። «አባዮ» ትለኛለች፣ በሶማሊኛ እህቴ ማለቷ ነው። ሶማሊኛሽ የፍየል ነው እያለች ትስቅብኛለች። ሳጥኑን ስታነሳ መርፌው ጓንቷን አልፎ አውራ ጣቷን ወጋት።

ሐኪሙ የማን መርፌ ነው አለ። የሹፌሩ አልኩ። ጤነኛ ነው? ነርሷ አጠገቤ ቆማለች፤ ቀድሞ ያልኩትን ሰምታለች። ቃሌን ባጥፍ መባረሬ ነው። ጤነኛ ነኝ ብሏል አልኩ። ሐኪሙ መከላከያ መድኃኒት ሳያዝላት እጇን ታጥባ እንድትሄድ ነገራት።

ሀሊሞ ኮሪደሩ ላይ ያዘችኝ። «አባዮ፣ እውነት ጤነኛ ነው?»

«ዋላሂ» አልኳት። እኔ ክርስቲያኗ፣ እንድታምነኝ ብዬ በሷ መሐላ ማልኩ።

መድኃኒቱ የሚጠቅመው በሦስት ቀን ውስጥ ከተጀመረ ነው። ግድግዳችን ላይ ተጽፏል። በመጀመሪያው ቀን ነገ እነግራታለሁ አልኩ። በሁለተኛው ቀን ሽንት ቤት ገብቼ ተደበቅኳት። በሦስተኛው ቀን የሠርግ ልብሷን ጨርቅ አምጥታ አሳየችኝ፤ ያምራል አልኳት። ሰው እንዲህ ይሆናል? እኔ ሆንኩ።

አግብታ ሥራውን ተወች። ባለፈው ወር ማዕከላዊ ገበያ ተገናኘን። ልጅ ታቅፋለች። ከስታለች። ከማጥባት ይሁን ከሌላ አላውቅም፤ ከዚያ ቀን ወዲህ በየሌሊቱ ያቺን አውራ ጣት አያለሁ። ልጁን አሳቀፈችኝ።

«ያን ቀን አንቺ ባትምዪልኝ በፍርሃት እሞት ነበር» አለችኝ።

ተመርመሪ። አንድ ቃል ነበር። ልጁ ጣቴን ጨብጦ ይዞኛል። አላልኩም።

ይቅር በሉኝ አልልም። እናንተን አልበደልኩም። ይቅር ማለት የምትችለው እሷ ናት፤ እሷ ደግሞ እስከ ዛሬ ታመሰግነኛለች። ቤቷን አውቀዋለሁ። ከኛ ቤት በእግር አሥር ደቂቃ ነው።