ዝርዝሩ የተዘጋ ዕለት

ባለፈው ሳምንት አንዲት ልጅ ቤቴ መጣች። እርዳታ የሚያስፈልጋቸውን ቤተሰቦች ለመለየት በየቤቱ እየዞሩ ከሚመዘግቡት አንዷ ናት፤ ለመካነ ኢየሱስ ከተማ አዲስ ነች። ስልኳን በሁለት እጇ ይዛ በሩ ላይ ቆመች። ግቢ ብላት፣ "አይ እማማ፣ ገና ብዙ ቤት ይቀረኛል" አለችኝ። ከዚያም ከስልኳ ላይ እያነበበች፣ "የቤቱ አባወራ ማን ይባላሉ?" ስትል ጠየቀችኝ።

ባለቤቴ ካረፈ አምስት ዓመቱ ነው። ይህን መናገር የሚከብድ አልነበረም። እኔ ግን አፌ ተሳሰረ። ልጅቷ የሟቹ ሐዘን የመጣብኝ መስሏት፣ "ይቅርታ እማማ፣ አላወቅኩም" አለች። ሐዘኑ አልነበረም። ያንን ጥያቄ፣ በዚያው በቸኮለ ድምፅ፣ እኔም አንድ ጊዜ ጠይቄዋለሁ።

እኔ የስማዳ ልጅ ነኝ። ያን ጊዜ ሃያ ዓመት አልሞላኝም ነበር። ትምህርቴን ጨርሼ በወረዳው ከተማ በወገዳ አክስቴ ቤት ተቀምጬ ሥራ እጠባበቃለሁ። በዚያ ዓመት ዝናቡ በነሐሴ አጋማሽ ጥሎን ሄደ። ደጋው ላይ ገብሱ ከማፍራቱ በፊት ነጣ፤ ወደ በሽሎ ወንዝ በሚወርደው ቆላ ደግሞ ማሽላው ከጉልበት ሳያልፍ በቁሙ ደረቀ። ወንዶቹ ከመስቀል በኋላ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ሁመራ ወረዱ። በታኅሣሥ የእርዳታ እህል ይመጣል ተባለና ቤተሰቦችን የሚመዘግቡ ወጣቶች ተፈለጉ። የእጅ ጽሑፌ ጥሩ ስለነበር ተቀጠርኩ። አለቃችን አቶ ደምሴ የሚባል ዝምተኛ ሰው ነበር።

የደረሰኝ ቀበሌ ከገደሉ አፋፍ ላይ ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር፣ ወይራ ጥላ ውስጥ፣ ከትምህርት ቤት የተዋስነውን ጠረጴዛ አስቀመጥን። የምዝገባው ጊዜ ሦስት ቀን ብቻ ነው። ደንቡም አጭር ነበር፦ አባወራው ራሱ ይቅረብ፤ ካልቻለ ለምን እንዳልቻለ ከቀበሌው ማኅተም ያለበት ወረቀት ይምጣ። ዛሬ ሳስበው፣ ባሎቹ ሁሉ ሁመራ በወረዱበት ዓመት እንዲህ ያለ ደንብ ማውጣት ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ ትምህርት አያስፈልግም ነበር። ያን ጊዜ ግን ደንቡ የእኔ መስሎ ተሰማኝ። ጠረጴዛና እስክርቢቶ ያለው ሰው ሆኜ አላውቅማ።

አንጓች የምትባል ሴት በመጀመሪያው ቀን ረፋዱ ላይ መጣች። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። ረዥም ናት፤ ጀርባዋ ላይ ሕፃን አዝላለች፤ እግሯ እስከ ቁርጭምጭሚቷ አቧራ ለብሷል። ከቆላው ገደሉን ወጥታ ስትመጣ ሦስት ሰዓት እንደፈጀባት ከሰልፉ ውስጥ ሲወራ ሰማሁ። ትንፋሿ ግን ጭራሽ አልተቆራረጠም። እንዲያ የምትራመድ ሴት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም።

"አባወራው ማን ይባላል?" አልኳት።

"ሞላ። ሁመራ ወርዷል እትዬ። እኔን ይጻፉኝ፤ ከሦስት ልጅ ጋር ነኝ።"

በዕድሜ ትበልጠኛለች። እኔ "አንቺ" ስላት እሷ ግን "እርስዎ" ትለኛለች። የምታከብረው እስክርቢቶውን እንደነበር የገባኝ ዘግይቶ ነው።

"ከቀበሌ ወረቀት አምጪ" አልኳት። የቀበሌው ሊቀ መንበር ለስብሰባ ወገዳ ሄዶ ነበር። ይህን ሳልነግራት ቀረሁ። የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ደጅ ላይ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተቀምጣ ወደ ቤቷ ተመለሰች።

በሁለተኛው ቀን ወረቀት ይዛ መጣች። የጻፈላት የደብሩ ዲያቆን ነው፤ ጽሑፉ እንደ ብራና መጽሐፍ ያማረ ነበር። ማኅተም ግን የለበትም። "ማኅተሙ ያለው ሊቀ መንበሩ ጋ ነው" አልኳት። ሊቀ መንበሩ ከወገዳ ተመልሶ ማዶ ላለ ዘመዱ ተዝካር ሄዶ ነበር። አንጓች ወረቀቱን ተቀብላኝ፣ "ይሁን እትዬ፣ ማዶ ከሆነማ ቅርብ ነው" አለች። ማዶ ማለት አንድ ሸለቆ ወርዶ አንድ ሸለቆ መውጣት ነው።

በሦስተኛው ቀን ፀሐይ ወደ ማዘቅዘቁ ነበር። ዝርዝሩን የሚያረጋግጡት የቀበሌው ሽማግሌዎች ከግርጌው ፈርመዋል፤ ጠረጴዛው ተነሥቷል። ወገዳ የሚያደርሰን የጭነት መኪና ሞተሩን አስነሥቶ ይጠብቀናል። በዚያ ጭነት መኪና ኋላ ላይ ተጭኖ መሄድ ማለት አቧራ ውጦ መድረስ ነው። እኔ ደግሞ ሾፌሩ አጠገብ ያለውን ቦታ አስቀድሜ አይቼዋለሁ፤ አብሮኝ የሚመዘግበው ልጅ ሳይቀድመኝ ለመግባት ቦርሳዬን አንግቻለሁ። ይህንን ለባሌም፣ ለንስሐ አባቴም ሙሉውን ተናግሬው አላውቅም። ለሰው ስተርክ ሁልጊዜ ደንቡን ነው የማወራው። እውነቱ ግን ያ የመኪና ቦታ ነው።

አንጓች ከአጥሩ ማዶ እየሮጠች ብቅ አለች። ወረቀቱን ከፍ አድርጋ ይዛዋለች። ማኅተሙ ሰማያዊ ነው፤ ከሩቅ ይታያል።

"አገኘሁት እትዬ!"

ዝርዝሩ እጄ ላይ ነበር። ከፊርማዎቹ በላይ አንድ ስም የሚበቃ ክፍት መስመርም ነበረው።

"ዝርዝሩ ተዘግቷል" አልኳት። "ለሚቀጥለው ዙር ነይ።"

አልለመነችኝም፤ አልረገመችኝም። ሕፃኑን ጀርባዋ ላይ አስተካክላ፣ "እንግዲያው ይህን እርስዎ ይያዙልኝ። እኔ ማንበብ አልችል፣ ቤት ውስጥ ምን ያደርግልኛል?" ብላ ወረቀቱን ሰጠችኝ። ተቀብያት መኪናው ውስጥ ገባሁ። ያንን ወረቀት የት እንደጣልኩት ዛሬም አላውቅም።

እህሉ የመጣው በየካቲት፣ በዐቢይ ጾም ነው። ስንዴ፣ ክክና ዘይት። ስም የምጠራው እኔ ነበርኩ። ሕዝቡ በደረቀው መስክ ላይ ከጠዋት ጀምሮ ተቀምጦ ይጠብቃል። ከመካከሉ አንጓችን አየኋት፤ ባዶ ጆንያ አጣጥፋ ጉልበቷ ላይ አድርጋለች። ለምን እንደመጣች ገባኝ። ምናልባት፣ ያን ቀን ከሄደች በኋላ፣ እጽፋት ይሆናል ብላ ተስፋ አድርጋለች።

ከምሳ ሰዓት በኋላ "ሞላ" ብዬ ጠራሁ። ጆንያዋን ይዛ ብድግ አለች። የአባቱን ስም ስጨምር ግን ሌላ ሞላ ነበር፤ አንድ ሽማግሌ ከኋላ በኩል ተነሡ። አንጓች እንደቆመች ቀረች። አጠገቧ የነበረችው ሴት ነጠላዋን ይዛ ቀስ ብላ አስቀመጠቻት። ዝርዝሩን ለአቶ ደምሴ አቀበልኩት፤ የቀሩትን ስሞች እሱ ጠራ። መኪናው ባዶ ሲሆን ሴቶች ከመሬቱ የፈሰሰውን ስንዴ ይለቅሙ ጀመር። እሷም ለቀመች። ከአፈሩ ጋር በጆንያዋ ጥግ ቋጥራ፣ ወደ እኔ ሳታይ፣ ወደ ገደሉ ሄደች።

ያን ቀን ማታ ለአቶ ደምሴ ሁሉንም ነገርኩት። ይቆጣኛል ብዬ ነበር።

"ማኅተሙን አምጥታ ነበር?"

"አዎ።"

"ታዲያ ለምን አልጻፍሻትም?"

"ሽማግሌዎቹ ፈርመው ነበራ።"

ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገው። "የሺ፣ ሽማግሌዎቹ እዚያው ቆመው አልነበረም? ከተጨመረው ስም አጠገብ እንዲፈርሙ ትጠይቂያቸው ነበር። እስከ ማግስቱ እኮ መጨመር ይቻል ነበር። አንድ ቃል ለምን አልነገርሽኝም?"

ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው ብዙ ነገር ተናግሮኛል፤ እንደዚያች ጥያቄ ያቆሰለኝ የለም።

ከፋሲካ በኋላ ሁለት ቁና ገብስና ትንሽ ባቄላ በአክስቴ አህያ ጭኜ ወደ ቆላው ወረድኩ። መንገዱ ጠጠር ነው፤ በአንድ በኩል ገደል፣ በሌላው በኩል ቅጠሉ የረገፈ ግራር። ይህን መንገድ ሕፃን አዝላ፣ በሦስት ቀን ሦስት ጊዜ ወጥታዋለች። በየመታጠፊያው ቆሜ አስበው ነበር።

ቤቱን አሳዩኝ። በሩ በልጥ ታስሯል። ጎረቤቷ፣ አንድ ሽማግሌ ቄስ፣ ከደጃፋቸው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሰላምታዬን ተቀበሉኝ።

"አንጓች የት ሄደች አባ?"

"በቃሬዛ ወሰዷት ልጄ። ወንድሟ እስቴ ነው ያለው፤ ልጆቿንም ይዟቸው ሄደ።"

"ምን ሆና?"

"ጓያው ነዋ" አሉ። "ያን ደረቅ ወቅት የቻለው ጓያ ብቻ ነበር። የነበራትን አንድ ቁና ገብስ ለልጆቿ እየቆነጠረች፣ እሷ ጧት ማታ ጓያ በላች። ቆሎውንም፣ ቂጣውንም፣ ሽሮውንም። እግር እንደሚያሽመደምድ ታውቃለች፤ አባቶቻችን ሲነግሩን ነው ያደግነው። ግን ሌላ ምን ትብላ? አንድ ቀን ውኃ ልትቀዳ ስትነሣ እግሯ እምቢ አላት።"

የጫንኩትን ምን እንዳደርገው ግራ ገባኝ። አባን፣ "ለተቸገረ ይስጡልኝ" አልኳቸው። መንደሩን ዞር ብለው አዩና፣ "ያልተቸገረ የትኛው ነው ልጄ?" አሉኝ።

ከዚያ በኋላ የመንግሥት ሥራ ይዤ ብዙ ቦታ ዞርኩ፤ ታች ጋይንት አርብ ገበያ ሦስት ዓመት ሠራሁ፤ በመጨረሻም ወደ እስቴ፣ ወደ መካነ ኢየሱስ ተዛወርኩ። ምዝገባ በኖረበት ሁሉ ሴቶቹ በራሳቸው ስም እንዲጻፉ፣ ማኅተም ፍለጋም ባለጉዳዩ ሳይሆን መዝጋቢው እንዲሄድ ተከራክሬያለሁ። አንዳንዱ ተሰምቶልኛል፤ አንዳንዱ አልተሰማም። ደግ ሰው ናት ይሉኛል። ምን እንደሚያባርረኝ አያውቁም።

መካነ ኢየሱስ በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት፣ በገበያ ቀን፣ ጌሾ ሻጮቹ መካከል አየኋት። ያ ረዥም ቁመት መሬት ላይ ታጥፏል። ከጎኗ ሁለት ምርኩዝ ተጋድሟል። ፊቷ ብዙም አልተለወጠም። ልሸሽ ነበር፤ እግሬ ግን ወደ እሷ ወሰደኝ።

"ስንት ጣሳ ልስፈርልሽ እቴ?" አለችኝ።

"ሁለት" አልኳት። እንድታወራኝ ፈልጌ፣ "ከስማዳ ነሽ?" ስል ጨመርኩ።

"አዎ፣ ከቆላው። ምነው፣ አነጋገሬ ያስታውቃል?"

"አዎ። እግርሽስ?"

"የክፉ ቀን ጓያ ነው።" የሌላ ሰው ነገር የምታወራ ትመስል ነበር። "ልጆቼ ግን ደኅና ናቸው። ባሌም ከሁመራ ተመልሶ እዚሁ እየሠራ ነው። ታላቂቱ ልጄ ዘንድሮ አሥረኛ ገባች።"

ጣሳውን ሞልታ ቅርጫቴ ውስጥ ገለበጠች። ዝም ማለት ነበረብኝ። ግን፣ "ያን ጊዜ የእርዳታ እህል አልደረሰሽም?" አልኳት።

ሁለተኛውን ጣሳ መስፈር ጀምራ ነበር፤ እጇ ቆመ። ቀና ብላ ግን አላየችኝም።

"ሳልጻፍ ቀረሁ። የምትጽፈው ልጅ ነበረች፤ የሰው ልጅ። ክፉ አልነበረችም" አለች። የጣሳውን አፍ በመዳፏ ጠርጋ፣ "ቸኩላ ነበር" ስትል ጨመረች።

ከዚያ ጣሳውን ሞላችው። በላዩ ላይም አንድ ሙሉ እፍኝ ምራቂ ጨመረችልኝ።

አውቃኝ ይሁን አላውቅም። "እኔ ነኝ" ማለት ነበረብኝ፤ ሁለት ቃል ብቻ ነው። ከኋላዬ ሌላ ገዢ ቆሞ ነበርና ቦታውን ለቀቅኩ። በሚቀጥለው ገበያ እነግራታለሁ ብዬ ሄድኩ፤ በቦታዋ የተቀመጠችው ሌላ ሴት ነበረች። ልጇን ለማስተማር ደብረ ታቦር ገብተዋል አሉኝ። ደብረ ታቦር ሩቅ አይደለም፤ አውቶብስ በየቀኑ ይሄዳል። እኔ አልሄድኩም።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። የተመዘገቡት ስሞች ተለጥፈው ቅሬታ በሚሰማበት ቀን፣ ከሰፈር ሽማግሌዎች ጋር እንድቀመጥ ቀበሌው ይጠራኛል። ሰዓቱ አልቆ ወጣቶቹ ወንበር መሰብሰብ ሲጀምሩ እኔ አልነሣም። "ማንን ነው የሚጠብቁት እማማ?" ይሉኛል። ድካም ነው እላቸዋለሁ።

እንዲህ ስቀመጥ ሁለት ጊዜ ሰው መጥቷል። አንዷ ባሏ የጠፋባት፣ አንዷ ደግሞ የታመመ ልጇን ሐኪም ቤት ስታስታምም የሰነበተች። ሁለቱም ተጻፉ። ለእነዚህ ስደርስላቸው ልቤ ቀለል ይልልኛል ብዬ አስቤ ነበር፤ አልቀለለኝም። መዝጋቢው ልጅ የሁለተኛዋን ስም ሲጽፍ አጠገቡ ቆሜ እጁን አየሁት። አንዴ እስክተነፍስ ጽፎ ጨረሰ።