በቀኝ የተቋጠረው መቀነት

ሻይ ሊጠጡ ገብተው ከግድግዳ ጋር የሚጣሉ ሽማግሌ ያየ ሰው ካለ፣ እኚያ ሽማግሌ ጋሽ ቀለም ናቸው። ስሙን ያወጡላቸው የማተሚያ ቤት ባልደረቦቻቸው ናቸው፤ ጡረታ ወጥተው እንኳ ጥቁሩ የማተሚያ ቀለም ከጥፍራቸው ሥር አልለቀቀም።

«ይሄንን ደግሞ ማን ሰቀለው?» አሉ ብርጭቋቸውን ሳያስቀምጡ።

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ። የድሮ ፖስተር እኮ ፋሽን ሆኗል» አለች አስተናጋጇ።

«የሰው ያለህ! ፀጉር ቤት ብገባ እሷ፣ ሻይ ቤት ብገባ እሷ!»

ፖስተሩ የጥንት የሥዕል ኤግዚቢሽን ማስታወቂያ ነው። የባህል ልብስ የለበሰች ወጣት፣ ወገቧን በጥልፍ መቀነት ታጥቃ ፈገግ ብላለች።

«ምን አደረገችዎት? ቆንጆ ናት።»

«እህቴ ናት! ልብሱንም ጠልፋ የሰፋችው ራሷ ናት። ቋጠሮውን አላየሽም? እኛ ዘንድ ሴት በግራ፣ ወንድ በቀኝ ነው የሚቋጥረው። የሷ የት ነው?»

«በቀኝ።»

«በቀኝ! ማተሚያ ቤት ሳለሁ፣ ሥዕሉ የሚታተምበትን ፊልም ገልብጬ ያነጠፍኩት እኔ ነኝ፤ ግራው ቀኝ ሆኖ ታተመ። ጽሑፉ በሌላ ፊልም ስለመጣ ቀጥ ብሎ ወጣ፣ ማንም አልነቃም። እኔ ስነቃ ከተማው በሙሉ ተለጥፎበታል። ብናገር እባረራለሁ ብዬ ዝም አልኩ።»

ቤቱ ባዶ ስለነበር አስተናጋጇ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ጋሽ ቀለም ሦስተኛ ሻይ አዘዙ። እህታቸው «መልበስ የማታውቅ ልብስ ሰፊ» ተብላ ደንበኞቿ አንድ በአንድ መሸሻቸውን ነገሯት። እህትየዋ ጥፋቱን በሳላት ሠዓሊ ላይ አድርጋ ስትረግመው ኖራለች፤ እሳቸው ደግሞ አጠገቧ ተቀምጠው «አሜን» ሲሉ።

«አሁን ያኔ ኤግዚቢሽኑን ያዘጋጀው ጋለሪ ያንኑ ፖስተር እንደገና አሳትሞ ቅዳሜ ሊሰቅለው ነው። እሷንም ጠርተዋታል። የጋለሪውን ኃላፊ፣ ‹ልጄ፣ ገልብጪው፣ በኮምፒውተር እኮ የደቂቃ ሥራ ነው› ብላት፣ ‹አባባ፣ ኦሪጅናሉ እንዲህ ነው› አትለኝም? ‹ኦሪጅናሉ ስህተት ነው!› ስላት፣ ‹የማን?› አለችኝ።»

«ምን አሏት?»

«ምን እላለሁ? ‹የኔ፤ ከሥሩ ጻፊው› አልኳት። እሷ እቴ! ‹እንዴት ደስ የሚል ታሪክ ነው!› ብላ አጨበጨበች። ምኑ ነው ደስ የሚለው?»

አስተናጋጇ ሳቋን በመሐረቧ አፈነች። «እህትዎስ ያውቃሉ?»

«ቅዳሜ ግድግዳ ላይ ከምታነበው ከኔ አፍ ትስማው ብዬ ነው የመጣሁት። ቤቷ ያ ማዶ ያለው ሰማያዊ በር ነው።»

«ታዲያ እዚህ ምን ያደርጋሉ?»

«ሻይ እጠጣለሁ! አታይም?»

ሦስተኛው ብርጭቆም አለቀ። ጋሽ ቀለም ኮታቸውን ቆልፈው ፖስተሩን አንዴ ገላመጡትና ተነሡ። በሩ ላይ ሲደርሱ ዞር አሉ።

«ጩኸት ብትሰሚ እንዳትደነግጪ፣ ልጄ፤ እርግማኑ ዛሬ ትክክለኛ አድራሻውን አግኝቶ ነው።»