ልጃችንን ሶደሬና ባቱ ለማዝናናት የወጣን ጊዜ

ልጃችን ዘጠኝ ዓመት እስኪሞላው ከቤት ውጭ አድሮ አያውቅም ነበር። ኦቲዝም አለበት። አይናገርም፤ ስሙን ቢጠሩት ዞር አይልም። የምንኖረው ዱከም ነው። ባለቤቴ እዚያው አንድ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ይጠግናል። እኔ ደግሞ ልጁን የሚይዝልኝ ሰው ሲጠፋ ሥራዬን ለቅቄ ቤት ከዋልኩ ቆይቻለሁ። ጎረቤቶቻችን ቅዳሜ ሲደርስ ልጆቻቸውን ይዘው ወደ አዳማ ይወርዱና ሲመለሱ ፎቶ ያሳዩኛል። ልጅ ፍል ውሃ ውስጥ፣ ልጅ ጀልባ ላይ፣ ልጅ ከጦጣ ጋር። «ደስ ሲል!» እላለሁ። ከዚያ ቤቴ ገብቼ በር እዘጋለሁ።

አንድ ቀን ልጁ ከጠዋት ጀምሮ ጭንቅላቱን ከግድግዳ ሲያጋጭ ዋለ። ባለቤቴ ከሥራ ሲመለስ ሁለታችንንም መሬት ላይ ተቀምጠን አገኘን፤ ልጁ ደክሞት፣ እኔ እያለቀስኩ።

«እንውጣ» አልኩት።

«ወዴት?»

«ሰው ወደሚወጣበት። እኛ ሰው አይደለንም?»

ቅዳሜ በሚኒባስ አዳማ ገባን። ዕቃችንን አንዲት ትንሽ ሆቴል ጥለን በቀጥታ ወደ ሶደሬ ሄድን። ልጄ ውሃ ይወዳል። ቤት ውስጥ ቧንቧ ከተከፈተለት ግማሽ ቀን እጁን ሥር አድርጎ ይቆማል። እንፋሎት የሚወጣውን ፍል ውሃ ሲያይ ምን ይሆን ይሆን እያልኩ መንገዱን ሙሉ ሳስብ ነበር። ከዓመታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሆነ ነገር ጓጓሁ።

ትልልቆቹ ዛፎች ሥር ተቀምጠን ዳቦ ሳወጣ አንዲት ጦጣ ከቅርንጫፍ ወርዳ ፌስታሉን ከእጄ መነተፈችኝ። ዙሪያችን የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ባለቤቴም ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ስንዞር ልጁ የለም።

ባለቤቴ ወደ መዋኛው ሮጠ። እኔ ወደ ወንዙ። አዋሽ ከታች ደፍርሶ ይወርዳል፤ አዞ እንዳለበት ስሰማ ነው ያደግሁት። ዳር ላይ ቆሜ ውሃውን አየሁት። ቀይ ቲሸርት ነው የለበሰው፤ ቀይ ነገር ፈለግሁ። ቀይ ነገር ባየው ምን እንደማደርግ ግን አላውቅም፤ ዋና አልችልም። «ጌታዬ፣ ይህን ብቻ አታድርግብኝ» አልኩ። ስንት ሌሊት «ይሄ ልጅ ከእጄ ምነው ባረፈ» ብዬ የጸለይኩትን ጸሎት እንዳይሰማብኝ ፈራሁ።

አንድ ጥበቃ መጣ።

«ስሙ ማን ነው? እንጥራው።»

«ቢጠሩት አይሰማም።»

«ደንቆሮ ነው?»

«አይደለም። ግን አይመጣም።»

ሰውየው ግራ ገብቶት አየኝ። ልጁ የጠፋበት ሰው ስም ይጣራል፤ እኔ የምጣራው ነገር የለኝም። አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ ልጄ የውሃ ፕላስቲክ ሲጨማደድ የሚያሰማውን ድምፅ ይወዳል። ከመሬት ባዶ ፕላስቲክ አነሳሁና እየጨመደድኩ ሮጥኩ። በሰው መሃል፣ በዋናተኞች መሃል፣ ፕላስቲኩን ከጭንቅላቴ በላይ ይዤ እያንቋቋሁ። አንዳንዱ ዘወር አለልኝ፤ አንዲት እናት ልጇን ወደ ራሷ ሳበች። እብድ መስያት ይሆናል። ነበርኩም።

«ኮቱ! ኮቱ!» ብሎ በኦሮምኛ «ነይ» የሚለኝ ድምፅ ሰማሁ። አንዲት አሮጊት ናቸው። ፍል ውሃው በቦይ በሚወርድበት ጥግ፣ ያበጠ ጉልበታቸውን ነክረው ተቀምጠዋል። ልጄ አጠገባቸው በሆዱ ተኝቶ ሁለት እጁን ለቦዩ ሰጥቷል። የቲሸርቱ ጫፍ ከሴትዮዋ ነጠላ ጋር ታስሯል።

«ልጅሽ ነው?» አሉኝ።

«ነው፣ እማማ። ልጄ ነው።»

«ሊሮጥ አለ። አሰርኩት።» ቋጠሮውን አሳዩኝ። አማርኛው እየቸገራቸው ነበር፤ ቆም እያሉ ነው የሚናገሩት። «መናገር የለም?»

«የለም።»

«አንቺ ብቻ ነሽ የምትይዢው?»

እግራቸው ሥር ተቀምጬ አለቀስኩ። ሴትዮዋ እጃቸውን ጀርባዬ ላይ ጣል አድርገው ጉልበታቸውን መንከር ቀጠሉ። ባለቤቴ ሲደርስ ልጁን አላነሳውም። ቦዩ ውስጥ ከነጫማው ቆሞ ቀረ።

ወደ አዳማ ስንመለስ «ነገ ወደ ቤት» አለኝ።

«ባቱስ? ሐይቁን ልናሳየው አልነበረም?»

«አንቺ ሴት፣ ዛሬ ያየነው አይበቃሽም?»

«ቤትስ ምን አለ?» አልኩት። ድፍረት ኖሮኝ አልነበረም። ያንን በር እንደገና መዝጋት አስፈርቶኝ ነው።

በነጋታው ባቱ ደረስን። ሐይቁ ዳር አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች የዓሣ ትርፍራፊ ሲጠብቁ ቆመዋል። ባለጀልባው ለልጁ መንሳፈፊያ ጃኬት አመጣለት። ጃኬቱ ደረቱን ሲነካው ጮኸ። እንደ ሌላ ልጅ ጩኸት አይደለም፤ የሚያውቅ ያውቀዋል። የገዛ እጁን ነከሰ፤ ከዚያ ባለቤቴን። ሰው ከበበን። አንዲት ደህና የለበሰች ሴት «ጸበል ወስዳችሁታል?» አለች። ሌላዋ «በኢየሱስ ስም!» ብላ ጭንቅላቱ ላይ እጇን ልትጭን ስትል ልጄ እጇን መትቶ ጣለው። ባለጀልባው በትህትና «ያለ ጃኬት አልጭንም፣ እናቴ፤ ይቅርታ» አለኝ። ልክ ነበር። ሐይቁን በቅጡ ሳናየው፣ ልጁን በእግሩና በብብቱ ይዘን ወጣን።

መንገድ ላይ ባዶ ጋሪ ቆሟል። ልጄ ከእጃችን አምልጦ ዘሎ ወጣበት። ለማውረድ አቅም አጣን፤ ስለዚህ እኛም ወጣን።

«ወዴት?» አለ ባለጋሪው።

«ዝም ብለህ ንዳ» አለው ባለቤቴ።

ከተማውን ዞርን። ፈረሱ ሲረግጥ ልጄ ዝም አለ፤ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ኮቴውን ያዳምጣል። ደግመን ዞርን። ባለቤቴ የተነከሰ ክንዱን በሌላው እጁ ይዞ ሲያለቅስ አየሁት፤ ከተጋባን ወዲህ እንባውን አይቼ አላውቅም ነበር።

«አሁን እንሸከመዋለን» አለኝ። «ቁመቱ እኔን ሲያህልስ? ከዚያ በኋላስ? ስንሞትስ?»

ይህን ለብቻዬ የማስበው ይመስለኝ ነበር። ለካ እሱም ማሽን ሲፈታ፣ ማሽን ሲገጥም የሚውለው ይህንኑ እያሰበ ነው። «አላውቅም» አልኩት። እጁን ያዝኩት፤ በሌላው እጄ የልጄን ቲሸርት ጨብጫለሁ።

ባለጋሪው ፈረሱን አቁሞ «ደክሞታል፣ ውሃ ላጠጣው» አለ። ልጁ አልወርድም አለ። እንደገና ጩኸት፣ እንደገና ሰው። ለሁለት አንስተን አወረድነው፤ በዚያው ወደ ቤት ለመመለስ ሞጆ የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ አስገባነው። ተሳፋሪዎቹ ቦታ ለቀቁልን፤ ከአዘኔታ ይሁን ከፍርሃት አላውቅም። ባለቤቴ በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላ በኩል አጥብቀን አቀፍነው። መቂን ስናልፍ ልቡ ከእጄ ሥር አሁንም በኃይል ይመታ ነበር።