ምሽግ ቆጣሪው

የብልባላን መንገድ ቁልቁል የሚያየውን ኮረብታ እንድንይዝ የታዘዝነው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። ዘጠኝ ነበርን። የጓዱ መሪ እኔ ነበርኩ። ማዕረጌ አስር አለቃ ቢሆንም የሚጠራኝ ሁሉ «ዲያቆኑ» ነበር የሚለኝ፤ ላሊበላ ተወልጄ፣ በቅኔ ማኅሌት አድጌ፣ ክህነቴን ትቼ ነው የዘመትኩት።

የሰንበት ትምህርት ቤታችን ልጆች ጻፍልን ካላችሁኝ ሰነበታችሁ። ጀግንነት የምትፈልጉ ከሆነ ሌላ ሰው ጠይቁ። እኔ የምነግራችሁ ዓይኔን አፍጥጬ ሳለ ምንም ስላላየሁበት ጠዋት ነው።

ክህነቱን ብተውም ኩራቱን አልተውኩም ነበር። ጠዋት ጠዋት ፊቴን ወደ ምሥራቅ አዙሬ፣ በጣቴ አንጓ እየቆጠርኩ፣ አርባ አንድ ጊዜ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» እላለሁ። የሚያንቀላፉትን ጓዶቼን በጎን እያየሁ በልቤ እንቃቸዋለሁ። ማዶ ሆነው የሚዋጉን ሰዎችም እግዚአብሔርን ይጠራሉ ብዬ አስቤ አላውቅም። እርሱ የእኛ ጓድ አባል ይመስለኝ ነበር መሰል።

ከጎኔ ያለው ምሽግ የሰይድ ነበር። ሰይድ ሙስሊም ነው፣ የወሎ ገበሬ፤ በጥይት መሃል እንኳ ቀልድ አያልቅበትም። ጸሎቴን ስጨርስ «ዲያቆኑ፣ ለእኛም አንድ ሁለት ጣል አርግልን እንጂ» ይለኛል። እስቅና ወደ ምሽጌ እገባለሁ።

ኮረብታውን በያዝን በሦስተኛው ቀን፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ሞርታር መጣብን። አራት ብቻ ነበር፤ አራቱም ከምሽጎቻችን አፍ ላይ ወደቀ። ሁለት ሰው ቆስሎብን ወደ ኋላ ሄደ፤ ሰባት ቀረን። የመቶ አዛዡ በሬዲዮ ተናገረ።

«ጠቋሚ አላቸው። ምሽጋችሁን አንድ በአንድ ቆጥሮ የሚነግራቸው ሰው አለ። ካያችሁት ፈቃድ አትጠይቁ፤ ጣሉት።»

«ገባኝ» አልኩ።

በማግስቱ ጉም ነበር። ከጧቱ አንድ ሰዓት ላይ ተገፈፈ። በመነጽር ቁልቁል ስቃኝ፣ ሁለት መቶ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ፣ ቋጥኝ ተደግፎ የተቀመጠ ወታደር አየሁ። የማዶዎቹን ልብስ ለብሷል። ፊቱ ወደ እኛ ነው። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። አውራ ጣቱ በሌሎቹ ጣቶቹ ላይ አንድ በአንድ ይሄዳል። ቀና ብሎ ያያል፤ ደግሞ ይቆጥራል።

«አገኘሁት» አልኩ። መነጽሩን ለሰይድ አቀብዬ ጠመንጃዬን አነሳሁ። ጥይት አጎረስኩ። ደረቱ ላይ አነጣጠርኩ።

«ቆይ፣ ቆይማ» አለ ሰይድ፣ መነጽሩን ከዓይኑ ሳያወርድ።

«ምን እቆያለሁ? ምሽጋችንን እየቆጠረ!»

«ስንት ምሽግ አለን?»

«ሰባት።»

«ይኼ ሰውዬ ጣቱን ደጋግሞ ዞሮ ሠላሳውን አልፏል እኮ። ወላሂ፣ ምሽግ አይደለም የሚቆጥር። እኛም ከሶላት በኋላ በጣታችን እንዲህ ነው የምንል። ደግሞ ይኼ ያንተው ጸሎት አይደለም እንዴ? እስቲ አፉን እየው!»

ጠመንጃውን አስቀምጬ መነጽሩን ተቀበልኩት። ፀሐይ ከጀርባችን ወጥታ የሰውዬው ፊት ላይ አርፋለች። እርሱ የዞረው ወደ ምሥራቅ ነበር፤ ምሥራቁ ላይ የተገኘነው እኛ ነን። ከንፈሩን ተከተልኩት። «እግዚኦ» ሲል አፉ የሚከፈትበትን፣ «ክርስቶስ» ሲል የሚገጥምበትን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። በየጠዋቱ የማደርገውን ነገር ሌላ ሰው ሲያደርገው ግን አላወቅሁትም። አፈርኩ።

ቢሆንም ብንሳሳትስ? የስድስት ሰው ነፍስ በእጄ ነው፤ ጠቋሚ አይጸልይም ያለስ ማነው? ጥቂት አመነታሁ። ከዚያ ከምሽጉ ብቅ ብዬ፣ በማኅሌት ድምፄ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ!» ብዬ ጮህኩ። ሸለቆው ተቀበለኝ። የሰውዬው ጣት ባለበት ቆመ። ቀስ ብሎ ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሳ። እጁ ባዶ ነበር።

እኔና ሰይድ ወረድን። የሰውዬው እግር ከጉልበቱ በታች ተሰብሯል። ከሦስት ቀን በፊት ወገኖቹ ከኮረብታው ሲያፈገፍጉ እዚያው ቀርቷል። ሬዲዮ የለውም፤ ጠመንጃው ውስጥ አንድም ጥይት አልነበረም። ሰይድ ውሃ አጠጣው። ጠጥቶ ሲያበቃ ወደ እኔ ዞሮ «ቁጥሩን እኮ አጠፋህብኝ» አለ።

«በል ከመጀመሪያው ጀምራ፣ ማን ያዘህ» አለው ሰይድ።

ሦስታችንም ሳቅን። ከላዬ ሸክም የወረደ ያህል ቀለለኝ። ዞር ብዬም አለቀስኩ፤ ሰይድ እንዳላየ ሆነ። ሰውዬውን በቃሬዛ ወደ ሕክምና ላክነው።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ውጊያ ተከፈተ። ሞርታር ቀደመ። እውነተኛው ጠቋሚ ማዶ ሸንተረር ላይ ኖሯል። ተኮሱ። ተኮስን። እስከ ምሽጋችን ደርሰው ቦምብ ወረወሩ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተመለሱ። ኮረብታው በእጃችን ቀረ።

ፈቃድ ሳገኝ አሸተን ማርያም ወጣሁ፤ የንስሐ አባቴ እዚያ ናቸው። ሁሉን ነገርኳቸው።

«ማን አስቆመህ?» አሉኝ።

«ሰይድ የሚባል ሙስሊም ጓደኛዬ ነው፣ አባ።»

ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ ፈገግ አሉ። «በጭቃ ዓይን ያበራ ጌታ ሰው የሚቸግረው መሰለህ? ያ ዕውር የነበረው ሰው ‹አሁን አያለሁ› አለ እንጂ በጭቃው አላፈረም። ቀኖናህ ይኼ ነው፤ ከእንግዲህ ለራስህ ብቻ አትቁጠር።»

በዚያ ውጊያ ከእኛ የሞቱት ሦስት ናቸው፤ አስፋው፣ ሞላና ጌታቸው። መቃብራቸውን በእጃችን ቆፈርን። ማዶ የወደቁትን አልቆጠርኩም። እኔም ስተኩስ ነበርና ስንቱ የእኔ እንደሆነ እግዚአብሔር ያውቀዋል፤ ስለ እነሱ ገና አላረፍኩም።

ያ በጣቱ ይቆጥር የነበረው ሰው ግን ከሟቾቹ መካከል የለም። አምና ለገና በዓል ላሊበላ ላይ ከተሳላሚው መካከል አንድ ሰው በምርኩዝ እያነከሰ መጥቶ «በዜማ የጮኸው ዲያቆን የታለ?» እያለ አፈላልጎ አገኘኝ። ተቃቅፈን ቆየን። ወዲያው ለሰይድ ደወልንለት፤ በስልክ ሲስቅ ሰፈሩ ሁሉ የሰማው ይመስለኛል። ሰውዬው ሚስቱን አስከትሎ ነበር የመጣው። ዓመት ያልሞላት ሴት ልጁን ከእናቷ ጀርባ አውርዶ እቅፌ ላይ አስቀመጣት። ያን ጠዋት እሷም ላይ አነጣጥሬ ነበር፤ አላየኋትም። እግዚአብሔር ይመስገን፣ አሁን አየኋት።