ከቆርቆሮው ሥር የቀረው ጓሳ

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ደብረ ብርሃን ላይ በረዶ ወረደ። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ እንኳን ሰውን ከሰው ሊያደማምጥ የራስንም ሐሳብ አያሰማም። እንዲህ በሆነ ቁጥር ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ እናቴ ነው። በሩ አጠገብ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች፤ ቀና እንኳ አላለችም። እኔን ግን ያ ድምፅ ይዞኝ ወዳደግሁበት ከተማ፣ ሞላሌ ገባ።

ሞላሌ እያለን የእናቴ መተዳደሪያ ቤት እያደሱ መሸጥ ነበር። አባቴ ካረፈ በኋላ የጀመረችው ነው። ጣራው የጎበጠ፣ ግድግዳው ያዘመመ፣ ባለቤቱን የሰለቸ የድንጋይ ቤት ፈልጋ ትገዛለች፤ እኔና እሷ እዚያው እየኖርን ታድሰዋለች፤ ሲያምር ትሸጠውና ወደ ሌላ ፍርስራሽ እንገባለን። የድንጋዩን ሥራ የሚሠራላት አንድ ነጭናጫ ግንበኛ ነበር። ጭቃው ግን የእሷ ነው። ከጭድ ጋር ረግጣ ታቦካውና እስኪሸት ድረስ ታቆየዋለች። ሽታው ልብሴ ውስጥ ስለሚገባ ክፍል ውስጥ አጠገቤ መቀመጥ የሚወድ አልነበረም።

የቤት ዓይን ነበራት። አዲስ የገዛነው ቤት ገብተን ባደርን ማግስት በሩን ወለል አድርጋ ትከፍትና መሬቱ ላይ ቁጭ ትላለች። ብርሃኑ የት ደርሶ የት እንደሚቀር ታያለች። ግንበኛው መዶሻውን ይዞ ደጅ ይቁለጨለጫል።

"አንቺ ሴትዮ፣ ዛሬ ሥራ አለ ወይስ በዓል ነው?"

"ፀሐይዋ የምትገባበትን ሳላይ መስኮት አላስከፍትም።"

ብርዱን በመፍራት የድሮ ሰዎች መስኮት የሚሉት ቡጢ የማያሳልፍ ቀዳዳ ነበር። እሷ ብርሃኑን አስገብታ ብርዱን ደጅ የምታስቀርበት መላ አታጣም። ለዚህም ነው ቤቶቿ ቶሎ የሚሸጡት። እኔ ግን፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ አንድ ቤት ማማር ሲጀምር ሆዴ ይባባ ነበር። ልስኑ ደርቆ ኖራ ከተቀባ ልንወጣ ነው ማለት ነው።

የመጨረሻውን ቤት የገዛነው አሥረኛ ክፍል እያለሁ ነው። ከገበያው ከፍ ብሎ፣ ወደ መሐል ሜዳ በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር። "ይቺን አልሸጣትም። ይቺ የኛ ናት" አለችኝ። ስንቴ ተነቅያለሁ፣ አላመንኳትም። ያመንኳት ሥራው ጣራው ላይ ሲደርስ ነው።

ያን ጊዜ ቤት የሚያድስ ሁሉ የጓሳ ሣር ክዳኑን ገፎ ቆርቆሮ ይመታ ነበር። ገዥም የሚጠይቀው ቆርቆሮ ነው። እናቴ የበሰበሰውን ብቻ አስነቅላ ደህናውን ጓሳ እንዳለ ተወችው፤ ከላይ ሌላ እንጨት አስደርድራ ቆርቆሮውን በዚያ ላይ አስመታች። ለሚሸጥ ቤት እንዲህ የሚደክም የለም። አገሩ ሳቀ። "የሴትዮዋ ቤት በቆብ ላይ ባርኔጣ ደረበ" ተባለ። ግንበኛው በገበያ ቀን ከእኛ ጋር መታየት አፈረ።

በረዶ የወረደ ዕለት ግን የሠፈሩ ጣራ ሁሉ ሲንጫጫ እኛ ቤት ውስጥ ሩቅ ያለ ሰው የሚያንሾካሹክ ነበር የሚመስለው። ሙቀቱም አልወጣም። እናቴ መደቡ ላይ ጋደም ብላ ጣራውን እያየች ሳቀች። "እርጅናዬን እዚህ ነው የምጨርሰው" አለች። ከዚያ በፊት እንዲያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም።

የከተማው ባለወፍጮ ሊጠለል የገባው በዚያው በረዶ ነው። በከተማው ሀብታም ከሚባሉት አንዱ ነበር። ጋቢውን አራገፈ፤ ጣራውን አየ፤ ዝም ብሎ አዳመጠ። ሳምንት ሳይሞላ ለልጁ ጎጆ መውጫ ሊገዛው ተመልሶ መጣ። "የሚሸጥ ቤት አይደለም" አለችው። ደግሞ መጣ። ደግማ መለሰችው። ከዚያ ጠፋ፤ ተስፋ የቆረጠ መስሎን ነበር።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሽማግሌዎች መጡ፤ ጋቢ ለብሰው፣ ዘንግ ይዘው። ከፊት የእናቴ የነፍስ አባት ነበሩ። እኔ ጓዳ ነበርኩ። ምን እንደሆነ ገና ሳይናገሩ አወቅሁ።

"እንዲያው አልመጣንም ልጄ። ባለወፍጮው ልኮን ነው። ልጅሽን ለልጃችን ብለን ነው።"

"ተቀመጡ እንጂ፣ አባቶቼ።"

"እሺ ሳትይን አንቀመጥም።"

ቆመው ቀሩ። ሽማግሌ ደጅህ ቆሞ፣ ያውም የነፍስ አባትህ፣ አልሰማም ማለት በኛ አገር ቀላል ነገር አይደለም። አብረውኝ ከሚማሩት ሴቶች እንዲህ እየተሰጡ ከክፍል የቀሩ ነበሩ። የባለወፍጮው ልጅ ክፉ አልነበረም፤ ሽፋሽፍቱ ድረስ ዱቄት የለበሰ ዓይን አፋር ልጅ ነው። እኔ ግን መማር ነበር የምፈልገው። የጓዳውን መጋረጃ ይዤ የእናቴን አፍ ጠበቅሁ። በእጇ ግድግዳውን ስትዳብስ ይሰማኛል፤ ልስን መድረቁን ስታይ እንደምታደርገው።

"አባቶቼ፣ ያለችኝ እሷ ብቻ ናት። እሷን ያገባ ነገ ቤቱም የሱ ነው። ባለወፍጮው የፈለገው ይኼን ነው።"

"አንቺ ልጅ፣ ስለ ቤት ያነሳ ሰው የለም እኮ" አሉ የነፍስ አባቷ።

"እርስዎ አላወቁም፣ መምሬ። እሱ ግን ያውቃል። ንገሩልኝ፤ ቤቱን እሸጥለታለሁ። ልጄ ትማራለች። አሁን ተቀመጡልኝ።"

መጀመሪያ የተቀመጡት የነፍስ አባቷ ናቸው። ሌሎቹ ተከተሏቸው።

እንዳለችውም ሆነ። ባለወፍጮው ቤቱን ገዛ፤ ስለ እኔ ዳግመኛ የተነሳ ነገር የለም። ሽማግሌዎቹ ሲወጡ አንገቷ ላይ ተጠምጥሜ አለቀስኩ። "ምን ያስለቅስሻል? ቤት ነው እኮ። ሌላ እሠራለሁ" አለችኝ።

አልሠራችም። ለትምህርቴ ብለን ደብረ ብርሃን ኪራይ ቤት ገባን፤ ጭቃ የረገጠችበት ጉልበቷ እምቢ አላት። ባለወፍጮው ጓሳውን አስወጥቶ ለከብቶቹ መኝታ እንዳነጠፈውና ኮርኒስ እንዳሠራ ሰማን። እናቴ ስትሰማ "ላሞቹ ይሞቃቸዋል" ብላ ወሬ ቀየረች። ዛሬ አሮጌ ቤት እየገዛሁ የማድሰው፣ የምሸጠው እኔ ነኝ፤ ይኼ አሁን የምንኖርበትም ከነዚያ አንዱ ነው። ጠዋት በር ከፍቼ ባዶ ወለል ላይ ስቀመጥ ሠራተኞቼ ይስቁብኛል።

በረዶው አባራ። እናቴ በመጨረሻ ቀና ስትል ግቢው ነጭ ሆኖ አየችው።

"በረዶ ጥሏል እንዴ?"

ጆሮዋ ከደከመ ቆይቷል። እሷ ግን ይኼን አትቀበልም፤ ሰው ሁሉ ድምፁ ያነሰ ነው የሚመስላት። ጠጋ ብዬ አዎ አልኳት። ጣራውን አየች፤ ሞላሌ እንደሳቀችው ሳቀች።

"ምንም አልሰማሁም። ከሥሩ ጓሳ አደረግሽበት?"

በላያችን ባዶ ቆርቆሮ ነበር።

"አዎ፣ እማዬ" አልኳት፣ በጆሮዋ።

"ጎሽ የኔ ልጅ" አለችና ወደ ምስሯ ተመለሰች።